«ሪላየብል» እና «ታማኝ» አንድ አይደሉም

«ሪላየብል» በእንግሊዝኛ አንድ ሰው፣ ዕቃ ወይም መረጃ በተፈለገ ጊዜ ሁሉ የሚጠበቅበትን ይፈጽማል ብሎ ለመተማመን የሚያበቃ መሆኑን የሚገልጽ ቅጽል ነው። ለመኪና፣ ለሰዓት፣ ለመብራት አቅርቦት፣ ለዜና ምንጭ፣ ለምስክር፣ ለሠራተኛ፣ ለላቦራቶሪ ምርመራ ሳይቀር ይነገራል። አማርኛ ተናጋሪው ተማሪ በደብተሩ ዳር የሚጽፍለት ፍቺ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ታማኝ»። ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ታማኝ መኪና የለም፤ ታማኝ የውኃ አቅርቦትም የለም። ለሰው በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ ታማኝ የሚለው ቃል በአማርኛ የያዘው ቁም ነገር እንግሊዝኛው ከሚያመለክተው የተለየ ነው።

በአማርኛ «ታማኝ ሠራተኛ» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው እጁ ንጹሕ የሆነ፣ ገንዘብ ቢያገኝ የማይነካ፣ የቤት ምሥጢር የማያወጣ ሰው ነው። ታማኝነት የጠባይና የልብ ጉዳይ ነው፤ ከአንድ ወገን ጋር መቆምን፣ አለመክዳትን ያመለክታል። ታማኝ ባል፣ ታማኝ ወዳጅ፣ ታማኝ ውሻ፣ ታማኝ ግብር ከፋይ ይባላል። «ሪላየብል ሠራተኛ» ሲባል ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪው ቀድሞ የሚያስበው ሰዓትንና ውጤትን ነው። በሰዓቱ ይገባል፤ የሚቀር ከሆነ አስቀድሞ ይደውላል፤ ሐሙስ አደርሳለሁ ያለውን ሐሙስ ያደርሳል፤ አለቃው ዞር ቢል ሥራው አይቆምም። ስለዚህ አንድ ሰው እጅግ ታማኝ ሆኖ ሳለ ሪላየብል ላይሆን ይችላል። አምስት ሳንቲም የማይነካ፣ ነገር ግን ሰኞ በመጣ ቁጥር የሚያረፍድ ገንዘብ ያዥ ታማኝ ነው፤ ሪላየብል አይደለም። ሥራውን ሳያዛንፍ እየሠራ የተሻለ ደመወዝ ባገኘ ማግስት የሚለቅ ባለሙያ ደግሞ ሪላየብል ነበር ይባላል፤ ለድርጅቱ ታማኝ ነበር የሚለው ግን አይኖርም።

ይህ እንጀራ የሚነካ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ የሥራ ማመልከቻ ቅጾች ላይ በብዛት ከሚታዩት ጥያቄዎች አንዱ አመልካቹ «ሪላየብል ትራንስፖርቴሽን» አለው ወይ የሚል ነው። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ወይም በዳላስ ሥራ የሚፈልግ አዲስ ገቢ «ታማኝ መጓጓዣ» የሚለው ፍቺ ምንም አይሰጠውምና ጥያቄውን «መኪና አለህ ወይ?» ብሎ ሊወስደው ይችላል፤ መኪና ከሌለው «የለኝም» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጎ ያልፋል። ጥያቄው ግን ስለ መኪና ባለቤትነት አይደለም። ሠራተኛው ፈረቃው በሚጀምርበት ሰዓት፣ በዝናብም ሆነ በበረዶ፣ ቀን ከቀን ሳይስተጓጎል ከሥራ ቦታው የሚደርስበት መንገድ አለው ወይ ማለት ነው። ፈረቃው ጎሕ ሳይቀድ የሚጀምር ሆኖ አውቶቡሱ በዚያ ሰዓት የሚሠራ ከሆነ፣ መስመሩም ከመኖሪያው አጠገብ የሚያልፍ ከሆነ፣ መልሱ «አለኝ» ነው። በየሳምንቱ መንገድ ላይ የምትቆም አሮጌ መኪና ያለው ሰው ደግሞ እውነቱን ከተናገረ «የለኝም» ማለት ይገባዋል። ሥራው ራሱ ከቤት ወደ ቤት መንዳትን የሚጠይቅ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው፤ በዚያ ጊዜ ግን መንጃ ፈቃድና መኪና ብዙውን ጊዜ ለብቻቸው ይጠየቃሉ።

ተመሳሳይ መሳሳት በስልክ ምስክርነት ላይ ይደርሳል። አዲሱ ቀጣሪ ወደ ቀድሞ አሠሪ ደውሎ «ሪላየብል ናት?» ብሎ ሲጠይቅ «በጣም ታማኝ ናት፤ ከቤታችን አንድም ዕቃ ጠፍቶ አያውቅም» የሚል መልስ ቢሰጠው፣ መልሱ ከቅን ልብ የመጣ ቢሆንም ጥያቄውን ስቶታል። እንዲያውም ማንም ያላሰበውን ስርቆት ያነሣል። ጠያቂው መስማት የፈለገው ሳታሳውቅ የቀረችበት ቀን አለመኖሩን፣ ሕፃኑን ከትምህርት ቤት የምታመጣበትን ሰዓት አሳልፋ አለማወቋን፣ የተነገራትን ደጋግማ ሳትጠየቅ መፈጸሟን ነበር።

የቃሉ እምብርት ጊዜ ነው። ሪላየብል የሚባለው ነገር ያለፈ ታሪክ አለው፤ በዚያ ታሪክ ላይ ተመሥርቶ ነገም እንደ ትናንቱ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። ትናንት የተገዛ መኪና የቱንም ያህል ቢያምር ባለቤቱ ሪላየብል ነው ሊለው አይችልም፤ ሊል የሚችለው የዚያ ዓይነት መኪኖች ሪላየብል መሆናቸው ይነገራል ብቻ ነው። አንድ ጊዜ የተፈጸመ ታላቅ ውለታም ሰውን ሪላየብል አያሰኘውም። ደግ፣ ጀግና፣ ለጋስ ያሰኘው ይሆናል። ሪላየብል የሚያሰኘው ትንሹን ነገር ሳያቋርጡ መደጋገም ነው። ቃሉ ምርጥ መሆንንም አይጠይቅም። የቤተሰቡ አሮጌ ራዲዮ ድምፁ ባያምርም በተከፈተ ቁጥር የሚናገር ከሆነ ሪላየብል ነው።

በአጠገቡ የሚቆሙት የእንግሊዝኛ ቃላት ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም በ«ታማኝ» መተርጎም ሁሉንም ያደበዝዛል። «ዲፔንደብል» ከሪላየብል ጋር ብዙም አይራራቅም፤ በአብዛኛው ዐረፍተ ነገር ውስጥ አንዱን በሌላው መተካት ይቻላል፤ ሆኖም ለመረጃና ለጥናት ውጤት የሚመረጠው ሪላየብል ነው። «ትረስትወርዚ» የሥነ ምግባር ቃል ነው፤ አደራ የሚሰጠውን፣ ምሥጢር የሚነገረውን ሰው ይገልጻል፤ ከአማርኛው ታማኝ ጋር ይቀራረባል። «ሎያል» አለመክዳት ነው። «ኦነስት» አለመዋሸትና አለማጭበርበር ነው። «ወንድሜ ለሚስቱ ታማኝ ነው» ለማለት ወንድሜ ሪላየብል ነው ብሎ የጻፈ ተማሪ፣ አንባቢው የሚረዳለት ወንድሙ ቀጠሮ አክባሪና ቃሉን የሚፈጽም መሆኑን ነው፤ ስለ ትዳሩ ምንም አልተናገረም። ለዚያ የሚያገለግለው «ፌይዝፉል» ነው።

ከሁሉም የሚያስቸግረው «ክሬዲብል» ነው። ክሬዲብል ሲሰሙት የሚታመን፣ ለአእምሮ የሚቀርብ ማለት ነው፤ በአማርኛ «ተአማኒ» ይቀርበዋል። የካናዳ ፍርድ ቤቶች የምስክርን ቃል ሲመዝኑ ሁለቱን ለይተው ያዩአቸዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ ምስክሩ እውነቱን ለመናገር ይፈልጋል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ማለትም የሪላየብል መሆን ጥያቄ፣ የተናገረው ነገር ትክክል ለመሆኑ መተማመን ይቻላል ወይ የሚል ነው። ድርጊቱን ከሩቅ፣ በጨለማ፣ ለቅጽበት ያየ ሰው ፍጹም ቅን ሊሆን ይችላል፤ ለመዋሸት ምንም ምክንያት የለውም፤ ሲናገርም ልብ ይነካል። ያም ሆኖ የቃሉ ሪላየቢሊቲ ዝቅተኛ ነው፤ ዓይኑ ሊያታልለው ይችላልና። ይህን ምሳሌ የተረዳ ተማሪ ሪላየብል ለምን የልብ ሳይሆን የውጤት ቃል እንደሆነ ለመረዳት ሌላ ማስረጃ አያሻውም።

በሰዋስው በኩል ዋናው አደጋ አቅጣጫ መሳት ነው። «በወንድሜ እተማመናለሁ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ «አይ አም ሪላየብል ኦን ማይ ብራዘር» የሚል ተማሪ፣ የሚተማመነውንና የሚተማመኑበትን ቦታ አለዋወጠ። ሪላየብል የሚባለው ድጋፍ የሚሆነው ነው፤ የሚደገፈው አይደለም። የሚደገፈው «ሪላያንት» ይባላል፤ በግሥ ሲነገር ደግሞ «ሪላይ ኦን» ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ወይ «አይ ሪላይ ኦን ማይ ብራዘር» ነው፤ ወይ «ማይ ብራዘር ኢዝ ሪላየብል» ነው። በዲፔንደብልና በ«ዲፔንደንት» መካከል ያለው ልዩነት ከዚህም የከፋ ጉዳት ያመጣል። ዲፔንደንት ጥገኛ ማለት ነው። በማመልከቻ ደብዳቤው ላይ «አይ አም ኤ ዲፔንደንት ወርከር» ብሎ የጻፈ አመልካች ራሱን አስተማማኝ ሠራተኛ ያደረገ መስሎት ጥገኛ ሠራተኛ ነኝ ብሎ አረፈ። የቃል መጨረሻ ልዩነት የሥራ ዕድል ሊያበላሽ ይችላል።

ከ«ሪላይ» በኋላ የምትመጣው «ኦን» የምትባል መስተዋድድ ግሡ ባለበት ሁሉ ግዴታ ናት፤ ቅጽሉ ላይ ግን ትጠፋለች። ይህች መጥፋቷ በ19ኛው መቶ ዘመን ታላቅ ክርክር አስነሥታ ነበር። ቃሉ ራሱ አዲስ አልነበረም፤ በ16ኛው መቶ ዘመን በስኮትላንድ ጽሑፎች ውስጥ ይገኛል፤ ገጣሚው ሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅም እ.ኤ.አ. በ1800 በጋዜጣ ጽሑፍ ተጠቅሞበታል። በሰፊው የተሠራጨው ግን ከ1850 ገደማ ወዲህ ነበርና የቋንቋ ጠባቂ ነን የሚሉት አሜሪካ ወለድ መጤ ነው ብለው ተነሡበት። ክርክራቸው ይህ ነበር፤ ከ«ኤብል» ጋር የሚሰፉ ግሦች በቀጥታ ተሳቢ የሚቀበሉ መሆን አለባቸው፤ ሰው በነገር «ላይ» ይተማመናል እንጂ ነገርን አይተማመንም፤ ስለዚህ ቃሉ መስተዋድዷን ይዞ «ሪላይ ኦነብል» መባል ነበረበት። አሜሪካዊው ሪቻርድ ግራንት ዋይት እ.ኤ.አ. በ1870 በመጽሐፍ ባሳተመው ጽሑፉ ቃሉን ቃል ሊባሉ ከማይገባቸው ተርታ አሰለፈው።

መልሱ የመጣው ከሌላ አሜሪካዊ ነው። የሳንስክሪት ሊቅ የነበረውና በእንግሊዝ የኖረው ፊትዝኤድዋርድ ሆል እ.ኤ.አ. በ1877 በ«ኤብል» ስለሚጨርሱ ቅጽሎች አንድ ሙሉ መጽሐፍ አወጣ፤ በርዕሱም ላይ ሪላየብልን ለይቶ ጠቀሰ። የመከራከሪያው መሠረት ቀላልና የማይመለስ ነበር፤ እንግሊዝኛ እንዲህ ዓይነት ቃላት ሞልተውታል። የሚሳቅበት ነገር «ላፈብል» ይባላል፤ ሰው ግን የሚስቀው «አት» በምትባል መስተዋድድ ነው፤ «አቬይለብል»ም እንዲሁ ነው። እነዚህን ሳይቃወሙ ሪላየብልን ብቻ መቃወም አግባብ የለውም። ሆል ትክክል ነበር፤ ሕዝቡም ዳኝነቱን በአፉ ሰጠ። ዛሬ ያ ክርክር መኖሩን የሚያውቅ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጥቂት ነው። ለተማሪ የሚተርፈው ጥቅም አንድ ነው፤ ከሪላየብል ኋላ «ኦን» እንደማትጨመር ያስታውሰዋል።

የቃሉ ሥር ወደ ላቲን ይወርዳል፤ ማሰር፣ አጥብቆ መቋጠር የሚል ፍቺ ካለው ግሥ ተነሥቶ በጥንታዊ ፈረንሳይኛ በኩል አለፈ። የዲፔንደብል ሥር ደግሞ ከላይ መንጠልጠል ነው። አማርኛ በዚህ በኩል ሌላ መንገድ ይዟል፤ ቤተሰቡን ሁሉ የመሠረተው «አመነ» ከሚለው ግሥ ነው። ካመነ አማኝ ይወጣል፤ ከታመነ ታማኝ፤ ከአስተማመነ አስተማማኝ። አማኝ የሚያምነው ነው፤ ታማኝ በጠባዩ እምነት ያተረፈው ነው፤ አስተማማኝ ደግሞ ሌላውን እንዲተማመን የሚያደርገው ነው። ይህ ሦስተኛው ቅርጽ ሰው ይሁን ዕቃ፣ ልብ ይኑረው አይኑረው አይጠይቅም። አስተማማኝ ግንብ፣ አስተማማኝ መረጃ፣ አስተማማኝ የኃይል አቅርቦት ሁሉም ያስኬዳሉ። ለሪላየብል የተሰፋ ያህል ይገጥማል።

የ«አመነ» ሥር በዕብራይስጥና በዐረብኛም አለ። በእስራኤል የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች «ኔኤማን» የሚለውን ለታማኝ፣ «አሚን» የሚለውን ለሪላየብልና ለተአማኒ ሲያገለግል ይሰሙታል። በዐረብኛ «አሚን» አደራ የሚጣልበት ሰው ነው፤ ሪላየብል ለሚባለው ግን ዐረብኛ ከሌላ ሥር «መውሱቅ» ይላል፤ የዚያ ሥር አንዱ ፍቺም እንደ ላቲኑ ማሰሪያ ነው።

ለሰው ሲሆን «አስተማማኝ ሰው» ቢባል ስህተት ባይሆንም ለጆሮ ትንሽ ይከብዳል። አማርኛ ለዚህ የራሱ ጥሩ ቃል አለው፤ ሁነኛ። ሁነኛ ሰው ሥራ ሰጥተውት ዞር የሚሉለት፣ ይመጣል ሲባል የሚመጣ፣ በችግር ቀን የማይታጣ ሰው ነው። ሪላየብል ፐርሰን ለሚለው ከዚህ የሚቀርብ ቃል ማግኘት ያስቸግራል፤ በመማሪያ ክፍል ግን ሲጠቀስ ብዙም አይሰማም።

በሳይንስ ቃሉ ይበልጥ ይጠብቃል። በምህንድስና «ሪላየቢሊቲ» አንድ መሣሪያ በተወሰነ ሁኔታ፣ ለተወሰነ ጊዜ ሥራውን ሳያቋርጥ የመፈጸም ዕድሉ ነው፤ በቁጥርም ይነገራል። በማኅበራዊ ጥናት ደግሞ አንድ መለኪያ በተደጋገመ ጊዜ ተቀራራቢ ውጤት መስጠቱን ያመለክታል። ትክክለኛውን ነገር መለካቱ «ቫሊዲቲ» የሚባል ሌላ ጉዳይ ነው። ለሁሉም ዕቃ፣ ሁልጊዜ፣ ሁለት ኪሎ ጨምሮ የሚያሳይ ሚዛን ሪላየብል ነው፤ ውጤቱ አይለዋወጥምና። ትክክል ግን አይደለም። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፍ በመጠይቅ ያዘጋጀ ሰው ሊ ክሮንባክ እ.ኤ.አ. በ1951 ያቀረበውን የአልፋ ቀመር ሳያገኘው አይቀርም፤ ውጤቱ 0.7 ከደረሰ በልማድ በቂ ይባላል። ብዙ ጽሑፍ አልፋው 0.7 ደርሷልና መጠይቁ ትክክለኛ ነው ብሎ ይደመድማል። አልፋ ይህን አይናገርም። የሚናገረው ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ ብቻ ነው።

ስለ አነጋገሩ የሚባለው ጥቂት ነው። ጭነቱ በሁለተኛው ክፍለ ቃል በ«ላ» ላይ ያርፋል። በአጻጻፍ የግሡ የመጨረሻ ፊደል «ዋይ» ወደ «አይ» ይለወጣል። ተቃራኒው በፊቱ «አን» ተጨምሮ ይመጣል። በብዛት አብረውት የሚውሉት ስሞች መረጃ፣ ምንጭ፣ ማስረጃ፣ ምስክር፣ ዘዴ፣ አቅርቦትና አገልግሎት ናቸው፤ ከነዚህ ጋር አጣምሮ መያዝ ቃሉን ለብቻው ከመሸምደድ ይበልጣል። አንድ ሰው አንድን ነገር እንደሚፈጽም ለመናገር ሲፈለግ ደግሞ ቅጽሉ ቀርቶ ግሡ ይመጣል፤ «ሺ ካን ቢ ሪላይድ ኦን»፣ ማለትም ይህን ትፈጽማለች ብሎ መተማመን ይቻላል።

ቃልን በዐረፍተ ነገር ውስጥ የማሳየት ጥበብ ለአማርኛ እንግዳ አይደለም። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት የተዘጋጀው በዚሁ መንገድ ነው፤ እንግሊዝኛውን ቃል በዐረፍተ ነገር እያስገባ አማርኛውን በዐረፍተ ነገር ይመልሳል። ተማሪ ግን ቃሉን የሚያገኘው በመዝገበ ቃላት ብቻ አይደለም፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ባዮሎጂና ፊዚክስ በእንግሊዝኛ የሚማር ልጅ ሪላየብል የሚለውን ቃል የሚያገኘው በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በላቦራቶሪ መመሪያው ላይም ነው። «ታማኝ ውጤት» ብሎ የተረጎመ ልጅ መምህሩ ሙከራውን ለምን ሦስት ጊዜ እንደሚያስደግመው አይገባውም።

የእንግሊዝኛ መምህራን ይህን አንድ ቃል እንደገና ቢያስተምሩት ብዙ ይቃናል። ለዕቃ፣ ለመረጃና ለአገልግሎት «አስተማማኝ» ይበሉት፤ ለሰው «ሁነኛ» ይበሉት፤ «ታማኝ» የሚለውን ለሎያልና ለትረስትወርዚ ያቆዩት። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉ አለቆችም ቅጽሉን ብቻ ጥለው አይለፉ፤ ሠራተኛው ስንት ዓመት እንደሠራ፣ ምን ተሰጥቶት በስንት ቀን እንዳደረሰ፣ ማንም በሌለበት ምን እንደመራ ይጻፉ። ቀጣሪ ሪላየብል የሚለውን ቃል የሚያምነው እንዲህ ያለ ዝርዝር አብሮት ሲመጣ ነው።